አቶ ምንድነው

በልጅነቴ ካየኋቸው የተማሩ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ሰውዬ ምንም የማያውቅ አላጋጠመኝም። ይሄን ስል እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ያን ጊዜ ግን እውነቴን ነበር። ከግብርና ጣቢያ ተልኮ በየሳምንቱ በብስክሌት ወደ መንደራችን ይመጣል፤ ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ። ሥራው ገበሬ ማስተማር ነው አሉን። ሲያስተምር ግን ያየው ሰው የለም። ያገኘውን ሁሉ በጣቱ እያሳየ «ይሄ ምንድነው? ለምን እንዲህ ይደረጋል?» ይላል እንጂ። እኛ ልጆች «አቶ ምንድነው» ብለን ስም አወጣንለት። ስሙ ከእኛ ወደ እናቶቻችን፣ ከእናቶቻችን ወደ አባቶቻችን ተዛመተና አንድ ቀን ከራሱ ጆሮ ደረሰ። ይቆጣል ብለን ስንበረግግ ከት ብሎ ሳቀ።

«መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ይባላል» ይል ነበር አጎቴ፣ «ይሄኛው ግን ሲጠይቅ ሊያረጅ ነው።»

አጎቴ የአባዬ ታላቅ ወንድም ነው። ስለ እሱ ክፉ እንዳታስቡ፤ ምላሱ ነው እንጂ ሆዱ ባዶ ነው። በዚያ ዓመት አባዬ ማሳውን አርሶ፣ ዘሩን ሳይዘራ ሞተብን። ታሞ እንኳ አልሰነበተም፤ ጠዋት እየቀለደ ከቤት ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ተሸክመው አመጡት። እማዬ ከቀብር መልስ አልጋዋ ላይ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ በቃ። የዘር ጊዜው እንዳያልፍ በቆሎውን የዘራልን አጎቴ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሾርባ ይዛ እየመጣች፣ ጸጉሬን እያበጠረች፣ ለእማዬ ጀርባ ታወራለች። «አይዞሽ እህቴ። ተኚ፣ እረፊ፣ ስለ ምንም አታስቢ» ትላታለች። የሚመጣው ሰው ሁሉ ይሄንኑ ይላታል። እማዬም ቃላቸውን አክብራ ስለ ምንም ሳታስብ ትተኛለች።

እኔ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር የሚታያት መስሎኝ ነበር። አንዳንዴ ከጎኗ ተጋድሜ እሷ የምታየውን ለማየት ዓይኔን አፈጣለሁ። የተሰነጠቀ ጭቃ ብቻ ነው። ሚስጥሩ ለትልቅ ሰው ብቻ የሚታይ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን አጎቴና ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያወሩ ከውሃው በርሜል ጀርባ ሆኜ ሰማኋቸው።

«እስከ አዝመራ ድረስ ልታገሥ» አለ አጎቴ። «ካልተነሳች መሬቱን ከራሴ ጋር አርሰዋለሁ። እሷንና ልጅቷን እኔ ቤት እወስዳለሁ። ይሄ ቤት ይዘጋል። ምን ላድርግ?»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹እንደፈለግክ ጋሼ› አለች። ፊቷንም አላዞረች።»

ቤት ሲዘጋ አይቼ አውቃለሁ፤ መንገድ ዳር ያለው የአናጢው ቤት ተዘግቶ ድመት ወልዳበታለች። የእኛ ቤት የድመት ቤት ሊሆን ነው! የአባዬ ካፖርት የተሰቀለበት ሚስማር፣ እኔ የምተኛበት ጥግ፣ ሁሉም። እማዬ እንድትነሳ ያን ቀን የለመንኩትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ለምኜ አላውቅም። ጆሮዋ ሥር ሆኜ ለመንኳት፣ እጇን ጎተትኩ። እጄን ያዝ አድርጋ መልሳ ለቀቀችኝ።

አቶ ምንድነው እኛ ቤት መምጣት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በመጋረጃው ውስጥ ወደ እማዬ ጮክ ብሎ አወራ። እንደ ሌላው ሰው አይዞሽ አላለም።

«እትዬ፣ ማሳችሁን አይቼው መጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ከታች በኩል ያለው አፈር ለምን ጠቆረ?»

ዝም።

«ውሃ ይተኛበታል እንዴ?»

ዝም።

«እሺ እትዬ፣ ሳምንት እመለሳለሁ።»

ተመለሰም። ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፣ ሌላ ዝምታ ተቀበለ፣ ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ሄደ። ሰውዬው አሳዘነኝ። ከግብርና ጣቢያው አለቆቹ «ምን አወቅክ?» ብለው ሲጠይቁት ምን ሊመልስ ነው? ሥራውን ያጣል። እኛ ቤታችንን፣ እሱ ሥራውን። ይሄን ሳስብ ላስተምረው ቆረጥኩ።

«ይሄ በቆሎ ነው» አልኩት ማሳው ዳር አስቁሜ። «ድገም።»

«በቆሎ።»

«ይሄ ደግሞ አረም ነው። ልጅ እያለ በቆሎ ይመስላል፣ ግን ቅጠሉን ስትዳብሰው ይሻክራል። ዳብሰው።»

ዳበሰው። «ውይ፣ እውነትሽን ነው! ማን ነገረሽ አንቺ?»

«እማዬ ናት። እማዬ ሁሉን ታውቃለች። አባዬ እንኳ እሷን ሳይጠይቅ አይዘራም ነበር።»

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለና ወደ ቤታችን መስኮት ዞር ብሎ ቆየት አለ። ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ አስተማሪዬ» አለኝ። አስተማሪዬ! ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት መሬት ሳልነካ ነው።

ለዚህ ነው በሚቀጥለው ሳምንት ባየሁት ነገር ደሜ የፈላው። የአረም ጊዜ ደርሷል፣ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው፤ የእኛን የሚያርም የለም። አቶ ምንድነው መጥቶ «እትዬ፣ አረሙ በዝቷል፤ እስኪ ላግዝዎት» አለና እጀታውን ሰብስቦ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው መስመር ላይ አጎነበሰ። እጁን ሰደደና ነቀለ። የነቀለው ግን በቆሎውን ነው! አረሙን እንደ ንጉሥ እንደቆመ ትቶት፣ ቡቃያውን ከነሥሩ! አንዱን ነቅሎ ይጥላል፣ አንዱን አልፎ ሄዶ እንደገና ይነቅላል። ያስተማርኩት ሁሉ ውሃ በልቶታል።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ፣ በቆሏችንን ጨረሰው!»

እሱም ቀና ብሎ «ኧረ ልጅቷ ትጮኻለች፤ ምን አጠፋሁ እትዬ?» አለ፤ ብሎም አንድ ነቀለ።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። መጋረጃው ተገለጠ። እማዬ በባዶ እግሯ፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ብርሃኑ ዓይኗን እያጥበረበራት ከቤት ወጣች። እኔን አልፋኝ ሄደች፤ አላየችኝም።

«አንተ ልጅ! እጅህን አንሳ! በምን ዓይንህ ነው የምታየው? የሰው ልፋት እንዲህ ይነቀላል?»

«አረም መስሎኝ እኮ ነው እትዬ። ትምህርት ቤት በስዕል ነው ያየነው።»

«በስዕል!» አለች እማዬ። «ወይ ጉድ! በስዕል!» ክንዱን ይዛ አስጎነበሰችው፣ እሷም አጎነበሰች፤ «ይሄ የሚነቀለው፣ ይሄ የማይነቀለው» እያለች እጁን በእጇ መራችው። የጣላቸውን ቡቃያዎች አንድ በአንድ ከመሬት አነሳችና መዳፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየቻቸው። ቀጥላ እሱን አየችው። ሊገርፈው የመጣ አባት ፊት እንደቆመ ልጅ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር። ምንም አላለችውም። መስመሩን ሳትጨርስ ግን ወደ ቤት አልገባችም። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት፣ ተመልሳ እንዳትተኛብኝ።

ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ መዋል ቀረ። እንዴት ትዋል? ሰውዬው በመጣ ቁጥር አንድ ጥፋት ይዞ ይመጣል። ማዳበሪያውን ከአገዳው ሥር ሲከምረው «ልታቃጥለው ነው?» ብላ ትነጥቀዋለች። ውሃ መውረጃውን ሽቅብ ሊቆፍር ሲጀምር «ውሃ ሽቅብ ሲሄድ የት አየህ፣ እሱንም በስዕል ነው?» ትለዋለች። እሱ ሳምንት ሲመጣ ስህተት እንዳያገኝ፣ እሷ ሳምንቱን ሙሉ ማሳው ላይ ትውላለች። ጸጉሯን አሰረች። ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ሾርባዋን ይዛ መጥታ ሰው አጥታ ተመለሰች።

አንድ ጠዋት የበቆሎው ቅጠል ተበሳስቶ አገኘነው። አቶ ምንድነው ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አቅንቶ በቀዳዳው አጮለቀ።

«ይሄ ለጌጥ ነው እንዴ እትዬ?»

እማዬ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም፤ እማዬ ስለሳቀች ነው። ሳቋን ረስቼው ነበር። «ተምች ነው፣ አንተ የጉድ ልጅ!» አለችው፤ አመድ በወንፊት ነፍታ ቅጠሉ ከሚወጣበት አናት ላይ እንዴት እንደምትነሰንስ አሳየችው። ሦስታችንም አመድ በአመድ ሆነን ዋልን። እሱ አፉን ከፍቶ ያያታል፤ «ይሄንንስ እውነት አላውቅም ነበር» አለ። ሌላውን ያውቅ ይመስል!

ነገሩ የከረረው አጎቴ ወሬውን ሲሰማ ነው። ቡቃያ ነቀለ የሚለው ወሬ አገር አዳርሶ በመጨረሻ እሱ ጋ ደርሷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የእኛን ጉድ የሰማው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ቤታችን መጥቶ በር ላይ ቆሞ ጮኸ።

«ማሳሽን ለዚህ ላልበሰለ ልጅ መጫወቻ ሰጠሽው? ወንድሜ ያረሰውን! ለጣቢያው ነግሬያለሁ። አለቆቹ በመስክ ቀን መጥተው ያዩታል። ያን ቀን ማሳው ፍሬ ካልያዘ፣ መሬቱ ወደ እኔ ይገባል፣ ልጁም ወደመጣበት ይመለሳል።»

የመስክ ቀን ማለት ገበሬዎች ተሰብስበው የአንዱን ማሳ እየዞሩ የሚጎበኙበት ቀን ነው። የዚያን ዓመት አቶ ምንድነው የእኛን ማሳ መርጦ ነበር። እማዬ «እሺ ጋሼ» አለች። በነጋታው ግን ደህና ጫማዋን አድርጋ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ እኔን ልብስ ሰፊዋ ጋ ትታኝ ሄደች። ስትመለስ ብስኩት አመጣችልኝ። ገበያ ሄዳ ነው ብዬ በላሁት።

የመስክ ቀኑ ፀሐያማ ነበር። በቆሎው ከአጎቴ ቁመት በላይ ሄዷል። ገበሬው በመስመሮቹ መካከል እየገባ ይወጣል፤ ከጣቢያው የመጣው ኃላፊ፣ መነጽር ያደረገ ወፍራም ሰው፣ ላቡን እየጠረገ ይከተላል። ስለ ማሳው የምትናገረው እማዬ ናት። መጀመሪያ ድምጿ አልወጣ አለ። አቶ ምንድነው ከሰው መሐል ሆኖ «እትዬ፣ ከታች በኩል ያለው አፈር ለምን ጠቆረ?» አለ። እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገችና መለሰች፤ አንዴ ከጀመረች በኋላ ማን ያቁማት! ስለ ውሃው፣ ስለ አመዱ፣ ስለ አረሙ፣ ሰው ፀጥ ብሎ ሰማት።

አጎቴ ግን ሆዱ ውስጥ የያዘውን ይዞ ስለመጣ አላስቻለውም።

«ደግ። እሷ እንደምታውቅ አየን። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይሄ ደሞዝ የሚበላው ልጅ ምን ያውቃል? ቡቃያ አልነቀለም? እስኪ ይካድ!»

ሰዉ ሳቀ። ኃላፊው ወደ አቶ ምንድነው ዞረ። «እውነት ነው?»

አቶ ምንድነው ጆሮው ድረስ ቀላ። አንድ ሌላ ቃል ቢናገር ከሳቁ ይድን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። «እውነት ነው፤ ነቅያለሁ» አለ። «እትዬ ባይደርሱልኝ ሁሉንም እነቅለው ነበር።»

ሳቁ ጨመረ። እኔ አልቻልኩም። «አሁን ግን ያውቃል!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ አስተምሬዋለሁ! በቆሎውን ይለያል፣ ጠይቁት!»

ያን ጊዜማ መንደሩ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። እማዬ እጄን ያዘችና ወደ ራሷ አስጠጋችኝ። ሳቁ ሲበርድ ለአጎቴ እንዲህ አለችው፤ «ጋሼ፣ በወንድምህ ሞት ተኝቼ ነበር። ተነስቻለሁ። ማሳው ይኸው፣ እኔም ይኸው። ልጁን ተወው።»

አጎቴ አንድ የበቆሎ እሸት በእጁ ጨበጠ፣ ልጣጩን ገለጥ አድርጎ አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አባዬን እንዳስታወሰ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የተናደደ ነው የመሰለኝ። «በይ እንግዲህ፣ የራስሽን እረሺ» አለና ፊቱን አዙሮ ሄደ። በማግስቱ የአዝመራ ማጭድ ስሎ ይዞልን መጣ።

አቶ ምንድነው ግን ተነሳ፤ ወደ ሩቅ ጣቢያ አዛወሩት። ሊሰናበተን ሲመጣ አለቀስኩ። ምንም ባለማወቁ የተባረረ መስሎኝ ነበርና እዚያ ሄዶ እንዳይዋረድ የመጨረሻ ትምህርት ሰጠሁት፤ የባቄላን፣ የድንችን፣ የሽንኩርትን ቅጠል እያስዳበስኩ። ሁሉንም ደገመልኝ። ሽንኩርቱን «ነጭ ሽንኩርት» ብሎ ተሳሳተ። እኔም እያለቀስኩ አረምኩት።

ዛሬ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ከመጣች ጀምሮ ድምጿን የሰማ የለም። ብለምናት፣ ብስኩት ብሰጣት፣ ወይ ፍንክች። ባለፈው ሳምንት የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሆነብኝና፣ ሰሌዳው ላይ የገዛ ስሟን አዛብቼ ጻፍኩት። ከኋላ ወንበሩ ተንቋቋ። «ቲቸር፣ ተሳስተሻል!» ብላ ተነሳች፤ መጥታም ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። አቶ ምንድነው! ያ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት!

ቅዳሜን እንዴት እንደጠበቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እማዬ ዛሬም በዚያው ቤት ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ጉድ ልንገርሽ! አቶ ምንድነው እኮ ሆን ብሎ ነው! ያውቅ ነበር! በቆሎውን አውቆ ነው የነቀለው!»

እማዬ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም።

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ነው የገባሽ? አስተማሪ ነኝ ትያለሽ።»

«ምን?»

«አጎትሽ ሲዘራ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሁለት ፍሬ ጥሏል። መንታ የበቀለው አንዱ መነሳት አለበት፣ አለበለዚያ ይቀጭጫል። ያ ልጅ የነቀለው መንታ መንታውን ብቻ ነው፤ ለብቻው የቆመ አንድም አልነካ። ከመሬት አንስቼ ሳያቸው ገባኝ። ፊቱን ባየው ደግሞ ላብ በላብ ሆኗል፣ ምስኪን፣ ማስመሰል አይችልበት።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ያን ቀን ገበያ የሄድሽውስ?»

«የምን ገበያ? ጣቢያው ነው የሄድኩት። ለኃላፊው ሁሉንም ነገርኩት፣ ልጁን እንዳይቀጡብኝ። ‹እኛስ መች አጣነው እትዬ› አለኝ። ‹ሌላው አስተምሮ ያቃተው ቤት ሲኖር እሱን እንልካለን› አለኝ። ከእኛ ቀጥሎ የላኩት እንደዚያ ያለ ቤት ነው። አንቺ ደግሞ ተባረረ ብለሽ ስትነፋረቂ!»

«ለእሱስ? ማወቅሽን አልነገርሽውም?»

«ሰው ለእኔ ሲል መንደር ስቆበት፣ አውቄብሃለሁ ብዬ ላሳፍረው?»

ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሳች። አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

«እማዬ፣ ውሸቱን መሆኑን በዚያው ቀን ካወቅሽ፣ በማግስቱ ለምን ተመልሰሽ አልተኛሽም?»

ያን ጊዜ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ አየችኝ።

«አባትሽ ከሞተ በኋላ አይዞሽ፣ ተኚ፣ እረፊ የሚለኝ ሞልቶ ነበር። ሁሉም ያዝንልኛል፤ ማንም አይፈልገኝም። ያለ አንቺ አልችልም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ውሸቱን ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ እንደዚያ የሚል ሰው በጣም ናፍቆኝ ነበር።»